የጠጅ ብርሌና የእንግሊዙ ጳጳስ

ዛሬ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ ወጥ ቤቴ መስኮት ላይ የተቀመጠው ብርሌ ግድግዳዬን ቀለም ቀባው። ውኃ ሞልቼው ስለነበር ነው። መጀመሪያ ነጭ ብርሃን ፍሪጁ ላይ ተርገበገበ፤ ቀጥሎ በጠርዙ በኩል ቀይ፣ ብርቱካን፣ ቢጫ እያለ ተዘረጋና ሐምራዊው ጥግ ላይ ደብዝዞ ጠፋ። እጄን ከሳሙናው ውኃ ሳላወጣ ቆሜ አየሁት። ሲያትል እንዲህ ናት። ሳምንት ሙሉ ፊቷን አጥቁራ ትከርምና ድንገት ለጥቂት ጊዜ ትስቅልሻለች። ያን ጊዜ ያልተዘጋጀ ሰው አያተርፍም።

አንቺ ደግሞ ትናንት ደውለሽ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ የምሥረታ በዓል መጽሔት እያዘጋጀሽ መሆኑን፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን አጀማመር እንድነግርሽ እንደምትፈልጊ አጫወትሽኝ። ከእኔ በፊት ማንን እንደጠየቅሽ አውቃለሁ። ያን ጊዜ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር የነበረውን ሰውዬ ነው። "እኔ ነኝ ያቋቋምኩት" ብሎሻል። ባለፈው በዓል ላይም ማይክራፎን ይዞ ይህንኑ ሲል፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ዳቦ እበላ ነበር። ስሙን አልጠራልሽም። ስም መጥራት ማክበር ነው። ሌሎቹንም አልጠራም፣ እሱ ብቻ እንዳይመስለው። የምነግርሽን እንዳለ ጻፊው። ከዚህ ያለፈውን ኑሮዬን ግን አትጠይቂኝ።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ሴንትራል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር፣ ከቼሪ መንገድ ገባ ብሎ በሚገኘው የአክስቴ ቤት ነበር የምኖረው። አክስቴ ለሠርግ ጠጅ ትጥል ስለነበር ቤቱ ሁልጊዜ ጌሾና ማር ይሸታል፤ ሽታው ካፖርቴ ላይ ተጣብቆ አውቶቡስ ውስጥ ይከተለኛል። ጠዋት መሀል ከተማ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ። ከሰዓት ኮሌጅ እማራለሁ። ሆቴሉ ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሱፐርቫይዘሩ "ስድስተኛ ፎቅ" ብሎ ነበር የሚጠራኝ። "ስድስተኛ ፎቅ፣ ፎጣ አልቋል!" ስባል አቤት እላለሁ።

በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሰው እሆን ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከአሜሪካኖች በተከራየነው ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ልጆቹን አስተምራለሁ። ፊደል፣ ጸሎት፣ የቅዱሳን ታሪክ። መጀመሪያ የመጡት ልጆች ሦስት ነበሩ፤ እናቶቻቸው ቅዳሴ እስኪያልቅ እንዳይረብሹ ብለው የሰጡኝ ናቸው። ቀስ በቀስ ክፍሉ ሞላ። በአማርኛ ስጠይቃቸው በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል፤ እኔም በአማርኛ እደግምላቸዋለሁ። "ቲቸር" ይሉኛል። ይህ ቃል ለእኔ ምን እንደነበር፣ ሰኞ ተመልሼ "ስድስተኛ ፎቅ" የምሆነው እኔ ነኝ የማውቀው።

ኮሌጅ ውስጥ ደግሞ የሰው ልጅ ተፈጥሮን መመርመር እንዴት እንደጀመረ የሚያስተምር አንድ ክፍል ነበረኝ። ፕሮፌሰሯ ሽበታም፣ ቀጭን፣ ዝናብ የበላው የሱፍ ባርኔጣ የማይለያት ሴት ነበረች። አንድ ቀን ባርኔጣዋን አውልቃ የተጠቀለሉ ወረቀቶች ጨመረችበትና፣ እያንዳንዳችን ስለደረሰን ሰው አንብበን ለክፍሉ እንድንተርክ ዕጣ አወጣን። ለአንዱ ኮከብ ቆጣሪ ደረሰው፣ ለሌላው ሐኪም። ለእኔ ጳጳስ ደረሰኝ። የእንግሊዝ አገር ጳጳስ፣ ከስምንት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የኖረ። ማተቤን አይታ ያሾፈችብኝ መሰለኝ። ፊቷን ባየው ግን ሹፈት የለበትም። "ጥሩ ዕጣ ነው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም" አለችኝ።

ቤተ መጻሕፍት ገብቼ መዝገበ ቃላት በጎኔ አድርጌ አነበብኩት። የድሃ ልጅ ነው። በትውልዱ ሳይሆን በትምህርቱ ነው ወንበሩ ላይ የወጣው። እዚህ ላይ ወደድኩት። ሲያረጅ ግሪክኛ ተምሮ የጥንቶቹን ፈላስፎች መጻሕፍት ወደ ላቲን መልሷል። የስድስቱን ቀን ፍጥረትም ተርጉሟል፣ እንደ እኛ ሊቃውንት። ስለ ብርሃን የጻፈው ግን ከሁሉም በልጦ ያዘኝ። እግዚአብሔር መጀመሪያ የፈጠረው ብርሃንን ነው፤ ብርሃን ደግሞ ባሕርዩ አንድ ቦታ መቆም አይደለም፤ ከአንዲት ነጥብ ተነሥቶ በየአቅጣጫው ራሱን እያባዛ ሲሰፋ ቁስን ይዞ ዘረጋው፤ ሰማይና ምድር የተዘረጉት በዚህ ነው ይላል። የመጻሕፍቱ መደርደሪያ፣ ጠረጴዛው፣ እጄ ሁሉ ከብርሃን የተዘረጉ ናቸው ብዬ ሳስብ፣ መስኮቱን ቀና ብዬ አየሁ። ውጭ ዝናብ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ነበረው። እንደ ኮሶ ያለ ሆድ የሚጠርግ መድኃኒት ያነሣና፣ አንድ ሰው ያንን በልቶ ሆዱ ሲጠረግለት ብታይ መድኃኒቱ ነው ለማለት አትቸኩል ይላል። ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል። ሌላ ሌላውን ምክንያት ሁሉ አርቅ፣ መድኃኒቱን ብቻ አስቀር፣ ከዚያ ሞክር። የዳነን ሰው እያየ፣ ገና በምን እንደዳነ የሚጠይቅ ጳጳስ! ሰው በሰማው የሚፈርድበት ማኅበር ውስጥ ለምኖረው ለእኔ፣ ይህ ከተአምር አያንስም ነበር።

ስለ ቀስተ ደመናም ጽፏል። በሳምንቱ አንዲት ፊት ለፊት የምትቀመጥ፣ ጥርሷ የወለቀ ተማሪዬ፣ "ቲቸር፣ የማርያም መቀነት ከምንድን ነው የተሠራው?" አለችኝ። ይህንን በአማርኛ ነው የጠየቀችኝ። አማርኛዋን ለማክበር ስል መልሱን በዓይኗ ላሳያት ወሰንኩ።

ብርሌው የአክስቴ ነው። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅም፣ ጠጅ የሚጠጣበት ያው የእኛ ብርሌ። ውኃ ሞልቼ በከረጢት ይዤው ሄድኩ። ምድር ቤቱ መስኮቱ ጠባብና ከፍ ያለ ነው፤ የመንገደኛው ጫማ ብቻ ነው የሚታየው። ፀሐይ ስትገባ ጠብቄ ብርሌውን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ። የልጅቷን ነጠላ ከፊቱ ዘረጋሁት። ነጠላው ላይ ቀለም ፈሰሰ። "ቲቸር፣ ሉክ! ሉክ!" ክፍሉ ጩኸት ሆነ። ብርሃን በውኃ ውስጥ ሲያልፍ እንደሚሰበር፣ ሰማይ ላይ ደግሞ ዝናቡ የብርሌውን ሥራ እንደሚሠራ፣ ይህንን ከቀደሙት ሰዎች አንዱ ሆኖ ያሰበው የእንግሊዝ ጳጳስ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሁሉንም አልደረሰበትም፣ ከእሱ በኋላ የመጡት አርመውታል አልኳቸው። ልጆቹ ተራ በተራ እጃቸውን ቀለሙ ውስጥ ነከሩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቼሪ መንገድ ደረሰ። ልጅቷ ለእናቷ "ቲቸር የማርያምን መቀነት በብርሌ አሳየችን" አለች። እናትየዋ ይህንኑ በሊቀ መንበሩ ሱቅ ውስጥ አወራች። በርበሬና ኮረሪማ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው፤ ሰው ቅመም ሊገዛ ገብቶ ወሬ ይዞ ይወጣል። በማግስቱ "የማርያም መቀነት ከጠጅ ብርሌ ነው የወጣው ብላለች" ተባለ። ከዚያ "ለልጆቹ ጠጅ ቀዳችላቸው"። ሳምንቱ ሳያልቅ "ካቶሊክ ሆናለች፤ የፈረንጅ ጳጳስ ነው የምታስተምረው" ተባለ። ታውቂያለሽ፣ እኛ ከጎንደር ዘመን ጀምሮ የሮማ ስም ሲነሣ ቆዳችን ይቆጣል። ጠጁን ይቅር የሚል ሰው ይገኝ ነበር። ሮማን ግን ማንም ይቅር አይልም።

ሊቀ መንበሩ አክስቴ ቤት መጣ። መኪናውን በሩ ላይ ፓርክ አድርጎ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

"እትዬ፣ ልጅቷ ትረፍ። ሥራውም ትምህርቱም በዝቶባታል።"

"ልጄ ደከመኝ አላለችኝም" አለች አክስቴ።

"የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታለች። ድምፅዋ መልካም ነው። እሷ ትተካት።"

"ምን አጥፍታ ነው?"

"ጥፋቷንማ እሑድ ጉባኤው ይነግራታል።"

ሲወጣ አክስቴ ጓዳ ገባች። "ይቅርታ በይና ይለቅ። ማኅበር የተጣላ ሰው የት ይደርሳል?" አለችኝ። ያላጠፋሁትን ምን ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ? ያን ሳምንት እየሠራሁ ልጆቹን ነበር የማስበው። ፎጣ ሳጥፍ፣ እሑድ ማን "ቲቸር" እንደሚባል አስባለሁ። እሑድ ጠዋት ስነሣ ግን ብርሌው በጨው ታጥቦ፣ በጋቢ ጫፍ ተወልውሎ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። "ካልሽ እንግዲህ፣ ሳይቆሽሽ ይታይ" አለች አክስቴ፤ ፊቷን አላዞረችም።

ጉባኤው ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ምድር ቤት ነበር። እርጥብ ካፖርት፣ የወለል ሰም፣ የጠፋ ጧፍ ይሸታል። ሊቀ መንበሩ ከፊት፣ በቀኙ መሪጌታው ተቀምጠዋል። መሪጌታው ትንሽ ሽማግሌ ነበሩ፤ በሥራ ቀን የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ፣ እሑድ ግን ሁላችንም "የኔታ" ብለን እንነሣላቸዋለን። ሲያነቡ ድምፃቸው አይደናቀፍም። እኔ ግን አንድ ጊዜ ከኋላቸው ቆሜ ሁለት ገጽ ባንድ ላይ ሲገልጡ አይቻለሁ። ንባባቸው አልተቋረጠም። ለማንም አልተናገርኩም ነበር። የሰው ገመና የእኔ ዕቃ አይደለም።

ብርሌውን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ አንዱ ከኋላ፣ "ጠጁስ የት አለ?" አለና ተሳቀ።

"እኔ ከሳሽ አይደለሁም" አለ ሊቀ መንበሩ፤ "ሥርዓት ነው የማስከብረው። የጠጅ ዕቃ ወደ ልጆች ገብቷል። የእመቤታችን መቀነት ተራ ውኃ ነው ተብሏል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የሮማ ጳጳስ ትምህርት መሰጠቱ ነው። ስለዚህ ሌላ አስተማሪ ቢሾም…"

"የሮማ አይደለም፣ የእንግሊዝ ነው" አልኩ። "በሮማ ሥር እንደነበረ እውነት ነው። ግን ልንገራችሁ። ሸምግሎ ሳለ ከሮማው ሊቀ ጳጳስ ትእዛዝ መጣለት። 'የዘመዴን ልጅ በአንተ ቤተ ክርስቲያን ሹምልኝ' የሚል። ልጁ አገሩን አይቶት አያውቅም፤ ምእመኑንም አያስተምርም፤ ሹመቱን ብቻ ነው የሚፈልገው። ጳጳሱ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? እምቢ አለ። አለቃውን፣ በጽሑፍ፣ እምቢ አለ። መንጋ የሚሰጠው ለሚጠብቀው ነው እንጂ ለዘመድ አይደለም ብሎ።"

"የወንድሙ ልጅ ነው የእህቱ?" አሉ አንድ አዛውንት፣ በየዋህነት።

"መጽሐፉ ዘመድ ነው የሚለው…" ከማለቴ፣ ከሴቶቹ በኩል አንዷ፣ "የእህት ነው! የእህት!" ብላ ጮኸች። ምድር ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አክስቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። የሊቀ መንበሩ ጆሮ ሲቀላ አየሁ። ያንን ቅላት እስከ ዛሬ እንዳስቀመጥኩት ነው። ክረምት ሲበረታ አወጣና እሞቀዋለሁ።

እሱ ግን በቀላሉ የሚወድቅ ሰው አይደለም። ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀና፣ "ወሬማ ሁላችንም አለን። ቀለሙን ታሳየን። በዓይናችን እንይና እንፍረድ" አለ። መስኮቱን ሳያይ አይደለም እንዲህ ያለው። ውጭ ሰማዩ እንደ ብረት ምጣድ ሆኗል፤ ዝናቡ መስተዋቱን ይደበድባል። ብርሌውን አነሣሁ፣ ወደ መስኮቱ ያዝኩት። ምንም። ነጠላዬን ዘረጋሁ። ነጠላ ብቻ ነው።

"ምነው? የፈረንጁ ጳጳስ ፀሐይ ቀረች?" አለ። አሁን ሳቁ የእሱ ነበር።

ሁሉም ያለቀ መሰለኝ። ልጆቹ በሩ ሥር ቆመው ያዩኛል፤ ያቺ ጥርሷ የወለቀው ተማሪዬ ከንፈሯን ነክሳለች። ብርሌውን ላስቀምጥ ስል መሪጌታው ተናገሩ።

"አንቺ ልጅ፣ ያ ጳጳስ ስለ ቀለም ብቻ ነው የተናገረው?"

"የለም የኔታ። ስለ መስተዋትም ጽፏል። ብርሃን በመስተዋትና በውኃ ሲያልፍ መንገዱን ስለሚለውጥ፣ ይህንን ያወቀ ሰው ሩቁን ማቅረብ፣ ትንሹን ማጉላት ይችላል ይላል። ደቃቅ ፊደልም ቢሆን ማንበብ ይቻላል ብሏል።"

"ፊደል ነው ያልሽው?"

"ፊደል ነው የኔታ።"

ጣታቸውን በጸሎት መጽሐፋቸው ላይ አሹት። "አምጪው እስቲ" አሉ።

መጽሐፉን ከፍተው አቆሙት፤ ብርሌውን ከፊቱ ያዝኩላቸው። ክቡ ሆድ ፊደሉን አሳበጠው። ፊታቸውን አቀረቡ፣ አራቁ፣ መልሰው አቀረቡ። እዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያየው ሰው አልነበረም እንጂ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

"ልጆቼ" አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው፤ "እኔ ዓይኔ ከደከመ ቆየሁ። መነጽርም አልበቃኝ አለ። እስከ ዛሬ ገጽ እየገለጥኩ በቃሌ ነበር የማደርስላችሁ። አሁን ግን ሀሌታውን ሀ አየሁት። ይኸው፣ እጆቹ ሁለት ናቸው።" እና አነበቡ። አንድ ምዕራፍ፣ ቀስ እያሉ፣ እንደ ሕፃን ተማሪ ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ።

ሰዉ ሁሉ አንገቱን አስግጎ አዳመጠ። ከሊቀ መንበሩ በቀር።

"የኔታ እኮ ይህንን ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው ያውቁታል! ታዲያ ብርሌው ምን ሠራ?"

ሰውዬውን እንደዚያች ቅጽበት ጠልቼው አላውቅም። እንደዚያች ቅጽበትም ያመሰገንኩት ጊዜ የለም። የጳጳሱን ጥያቄ እኮ ነው የጠየቀልኝ! መድኃኒቱ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለ?

"ትክክል ብለዋል ጋሼ" አልኩት። "ጳጳሱም ቢሆን እዚህ ላይ አያምነኝም ነበር። ሌላው ምክንያት ሁሉ ይራቅና ብርሌው ብቻውን ይቅር ይል ነበር። እርስዎ ራስዎ ይምረጡ። የኔታ በቃላቸው ሊያውቁት የማይችሉትን ይስጧቸው።"

ዞር ዞር አለ። ግድግዳው ላይ የእሱ ሱቅ ለደንበኞች የሚያድለው ካላንደር ተሰቅሏል። ነቅሎ አመጣውና፣ ከወራቱ ሥር በደቃቁ የታተመውን ጽሑፍ በጥፍሩ አሳየ። እኔ እንኳ ዓይኔን አጥብቤ ነው ያየሁት።

"መጀመሪያ ያለ ብርሌ" አልኩ።

መሪጌታው ካላንደሩን ዓይናቸው ሥር አስገቡት። "ጉንዳን" አሉ። "ጉንዳን ተሰልፎ ሲሄድ ነው የማየው።"

"አሁን በብርሌው።"

ጠጋ አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሌላ የማንበቢያ ድምፅ ስላልነበራቸው፣ በዚያው በቅዳሴ ዜማቸው፣ ሳብ እያደረጉ፣ "አዲስ የገባ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማ… ቅዳሜና እሑድ ክፍት ነን… የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" አሉ።

ያን ጊዜ የተሳቀው ሳቅ! ወንበር የወደቀ መሰለኝ። አንዱ አጠገቡ ያለውን ይደግፋል፤ አንዷ "አሜን!" ትላለች። መሪጌታው ራሳቸው በጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ። ሊቀ መንበሩ ካላንደሩን እንደያዘ ቆመ።

ሳቁ ሲበርድ መሪጌታው በመቋሚያቸው ወለሉን መታ አደረጉ። ፍርዳቸውን እንደ ትርጓሜ ነው የሰጡት፣ በልጅነታቸው ከመምህራቸው ወንበር ሥር ሆነው እንደተማሩት። "የማርያም መቀነት አንድም ለኖኅ የተሰጠች የኪዳን ምልክት ናት። አንድም ብርሃን በዝናብ ሲያልፍ የሚያሳየው መልክ ናት። አንዱ አንዱን አያፈርሰውም። ቃል ኪዳኑን በብርሃን ቢጽፈው ለአምላክ ምን ይሳነዋል? ብርሃን አስቀድሞ መፈጠሩን እኛም እናስተምራለን፤ ያ ሰው ከእኛ ርቆ ሳለ እዚያው ደርሶ ቢያገኘን፣ እሰየው ነው። ልጅቷ ታስተምር።" ጎንበስ ብለው ብርሌውን አሸተቱት። "ጠጅም የለበትም" አሉ።

አክስቴ እልልታውን ጀመረችው። እልል ስትል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማኋትም።

ደረጃውን ወጥተን መንገድ ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። የዘገየችው ፀሐይ በምዕራብ በኩል ወጥታ፣ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ፣ ከቤቶቹ ጣራ በላይ፣ ሙሉው የማርያም መቀነት ተዘርግቷል። "ቲቸር! ቢግ ብርሌ!" ብላ ጮኸች ተማሪዬ። መሪጌታው "የት ጋ ነው?" ብለው ፊታቸውን ወደ ሌላ በኩል አቀኑ። ትከሻቸውን ይዤ ቀስ ብዬ አዞርኳቸው።

"ቀዩ ከላይ ነው ከታች?"

"ከላይ የኔታ።"

"እንዲያ ይመስለኝ ነበር" አሉ። ከዚያ ብርሌውን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። አክስቴ "ብርሌዬን…" ብላ ጀመረችና ተወችው።

የሆነው ይህ ነው። የሊቀ መንበሩ የእህት ልጅ በሳምንቱ ራሷ መጥታ ልርዳሽ አለችኝ፤ መዝሙሩን እሷ፣ ፊደሉን እኔ ይዘን ብዙ ዘመን አብረን አስተማርን። እሷ ላይ ቂም የለኝም። ኮሌጅ ውስጥም ተራዬ ሲደርስ ጳጳሱን ከነካላንደሩ ተረኩት፤ ፕሮፌሰሯ ባርኔጣዋን አውልቃ አጨበጨበች። ሊቀ መንበሩን ባለፈው ሬኒየር መንገድ ባለው ግሮሰሪ በር ላይ አገኘሁት። ማጉያ መስተዋት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሩዝ ከረጢት ያነባል። "እንዴት ነሽ?" አለኝ፤ "ደህና ነኝ" አልኩት። ሰላምታ ይቅርታ አይደለም። ያቺ ጥርሷ የወለቀው ተማሪዬ ግን ሽበት ጀምሯታል፤ ዛሬም በባቡሩ ውስጥ ከሩቅ ስታየኝ ሰው መሀል ቆማ "ቲቸር!" ትለኛለች።

ለመሪጌታው ከመድኃኒት ቤት ጥሩ ማጉያ ገዝቼላቸው ነበር። አመስግነው ተቀበሉኝ፣ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት፣ በብርሌያቸው ቀጠሉ። ልጃቸው እንደነገረችኝ ሁልጊዜ ጠዋት ራሳቸው ነበሩ ውኃውን የሚቀይሩት፤ እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ። ካረፉ በኋላ ብርሌውን በነጠላቸው ጠቅልላ አመጣችልኝ። "ለቲቸር ይመለስ ብለዋል" አለች።

ስከፍተው፣ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ፣ መስተዋቱ ውስጥ ዙሪያውን ስስ ነጭ መስመር አገኘሁ። ውኃው በየቀኑ እዚያው እየቆመ ያሰመረው ነው። አክስቴ በሕይወት ብትኖር በጨው አጥባ ታወጣው ነበር። እኔ አላጠብኩትም። ጠዋት ጠዋት ውኃ ስሞላው እዚያች መስመር ላይ ስደርስ አቆማለሁ። ከዚያ መስኮቱ ላይ አስቀምጬው ፀሐይ እጠብቃለሁ።